የጮቄ ሰማይ ከጠረጴዛ ጀርባ፦ ለታሪካዊ የሚኒየቸር ጦር ሜዳ የተራራ ሥዕል አዘገጃጀት

የጥንት ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ምስሎች በምንጫወትበት ጨዋታ፣ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ወታደሮች አንድ በአንድ ተቀብተው፣ መሬቱ ሣር ለብሶ፣ ሠራዊቱ ተሰልፎ ሳለ ከኋላ የሳሎኑ ሶኬትና የመጋረጃው ጫፍ ብቅ ሲል ጦር ሜዳው ተመልሶ ጠረጴዛ ይሆናል። ይህን የሚከልለው የጀርባ ሥዕል ነው፦ ከጠረጴዛው ጠርዝ ኋላ የሚቆም፣ ሰማይና ተራራ ያለበት ዝቅ ያለ ግድግዳ። ከውጭ ታትሞ የሚመጣው ግን አብዛኛው በረዶ የጫነ ሹል ተራራ ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ፈረሰኛም ሆነ የ1933 ዓ.ም. አርበኛ በዚያ ፊት ሲቆም አገሩ አይመስልም። የጎጃም አድማስ የራሱ ቅርጽ አለው፤ እሱን መሥራት ደግሞ ከባድ አይደለም። ሁለት መንገድ አለ፦ ፎቶ አንስቶ ማሳተም፣ ወይም በአቡጀዲ ላይ በእጅ መሣል። ከሁለቱም በፊት ግን መጠኑን እናስተካክል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

መጠኑ

ለተለመደው 180 በ120 ሴ.ሜ ጠረጴዛ መካከለኛው ክፍል 180 ሴ.ሜ ርዝመትና 45 ሴ.ሜ ቁመት ይኑረው። በግራና በቀኝ 60 ሴ.ሜ ርዝመት ያላቸው ሁለት ክንፎች ይጨመሩ። ከ45 በላይ ከሆነ ከኋላ ያለውን ተጫዋች ይጋርዳል፣ መብራትም ይከለክላል። ከ35 በታች ከሆነ ደግሞ ፎቶ ሲነሣ ግድግዳው ከላይ ይታያል። ክንፎቹን ከመካከለኛው ጋር በ90 ዲግሪ አታቁሟቸው፤ ማዕዘኑ ላይ ጥላ ይወድቅና ሰማዩ ሳጥን ይመስላል። ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ብትከፍቷቸው ጥላው ይጠፋል።

አሁን ተራራው። የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከከተማዋ ሲታይ ተራራው በ1,600 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል፣ ጫፉም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። 1,600ን ለ40,000 ስናካፍል 0.04 ይመጣል። ተጫዋቹ ከሥዕሉ 2 ሜትር ርቆ ከቆመ 200 ሴ.ሜ በ0.04 ሲባዛ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። አዎ፣ ያ ሁሉ ጮቄ ከአድማስ መስመር በላይ 8 ሴ.ሜ ብቻ። ዓይናችን ተራራን አግንኖ ስለሚያይ እስከ 14 ሴ.ሜ ብታደርሱት ያምራል። ከ20 ካለፈ ግን ተራራው ይቀርባል፤ ሲቀርብ ሜዳው ይጠብባል፣ የ4 ሰዓት መንገድ የነበረው የጦር ሜዳ የጓሮ ያህል ይሆናል። ይህን ስሌት ለማንኛውም ተራራ መጠቀም ይቻላል፦ ከቆማችሁበት በላይ ያለውን ከፍታ ለርቀቱ አካፍሉ፣ በ200 አባዙ።

የአድማስ መስመሩን ከሥዕሉ ታችኛ ጠርዝ 6 ሴ.ሜ ላይ በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ በታች ያለው በኋላ በፎም ኮረብታ ስለሚሸፈን አትድከሙበት።

የአገሩ ቅርጽ

ጮቄ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ ቅልጥ ድንጋዩ በሰፊው ፈስሶ የተጋደመ፣ እንደ ተደፋ ምጣድ ደልደል ያለ ክምር። ሹል ጫፍ ስለሌለው በ180 ሴ.ሜ ስፋት ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ መሐል ላይ ሁለት ሦስት እብጠት ያሳያል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እጅ ግን ተራራ ሣል ሲባል ሦስት ማዕዘን መሥራት ይወዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ላላ አድርጋችሁ በምስማር ያዙት፣ መሐሉን በሁለት ተጨማሪ ምስማር ወደ ላይ አንሡት፣ የሲባጎውን መስመር በእርሳስ ተከተሉ።

ዓባይ በረሃ ሌላ ነው። ደጀን ላይ ቆሞ ወደ ጎሃ ጽዮን ለሚያይ ሰው የማዶው አፋፍ ከወዲህኛው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ የማዶው አፋፍ ልክ በአድማስ መስመሩ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በላይ ተራራ አይጨመርም። ጠረጴዛችሁ የገደል አፋፍ ከሆነ መስመሩን ከ6 ወደ 18 ሴ.ሜ ከፍ አድርጉና ገደሉን ከሥሩ ሣሉ። አሣሣሉ ደረጃ በደረጃ ነው፦ ከላይ ቀጥ ያለ ጥቁር ድንጋይ፣ ቀጥሎ ቁልቁለት፣ እንደገና ግራጫማ ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል፣ እንደገና ቁልቁለት፣ ታች ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ። ንጣፎቹ አግድም ናቸው፤ ዘንበል ካሉ ሌላ አገር ይሆናል።

የትኛው ዘመን፣ የትኛው ወር

ተራራው ባይለወጥም ልብሱ ይለወጣል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋው ምኒልክ ጋር የገጠሙበት የእምባቦ ጦርነት የተደረገው ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ መግቢያ ላይ። ሰማዩ ከፊሉ የዝናብ ደመና ያዘለ፣ መሬቱ አዲስ ሣር ያወጣ ይሁን። ቦታው ከዓባይ ማዶ ሆሮ ጉድሩ ስለሆነ ጮቄን አቅርባችሁ ከንጉሡ ሠራዊት ራስ ላይ አትትከሉት፤ ዝቅ ዝቅ ያሉ ተደራራቢ ኮረብታዎች ይበቃሉ። ከሁሉ በላይ ባሕር ዛፍ አይኑር። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ከእምባቦ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዛሬ የሚነሣ ፎቶ ሁሉ ባሕር ዛፍ ስለማያጣው ይህ ስህተት በጣም ቀላልና በጣም የተለመደ ነው።

ጣሊያንን ያስወጣው የ1933ቱ ዘመቻ ግን በጋ ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን ድንበር ተሻግረው በበላያ በኩል ሲገቡ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርና አርበኛው በቡሬና በደምበጫ መንገድ ሲዋጉ፣ በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ስትያዝ መሬቱ ደርቆ ነበር። ሰማዩ ነጣ ያለ፣ ተራራው በአቧራና በጭጋግ የደበዘዘ፣ ሜዳው ገለባ ቀለም ይሁን። የከተማ ዳር ትንሽ ባሕር ዛፍ እዚህ ያስኬዳል። ከጎጃም አድማስ በሁለቱም ዘመን የማይጠፋው በቅጥር ዛፍ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከሩቅ ሲታይ በራቁት ማሳ መሐል ክብ ጥቁር አረንጓዴ ነጥብ። አንድ ሁለት ብቻ አስቀምጡ፣ ስፋታቸው ከ1.5 ሴ.ሜ አይብለጥ። የሩቁ ዓይን ጎጃምን የሚለየው በዚያ ነው።

ፎቶ አንስቶ ማሳተም

የጠራ አየር የሚገኘው ዝናቡ እንዳቆመ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ጥርና የካቲት ላይ ጭጋጉ ተራራውን ይውጠዋል። ለ1933 ጠረጴዛ ያ ራሱ ይፈለጋል፤ ለሌላው ግን ጠብቁ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመታ ሸለቆና ሸንተረሩ ይለያል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ጠፍጣፋ ነው።

ስልኩን በቁመቱ ያዙ። ሰፊውን ሌንስ አትጠቀሙ፤ ተራራውን አሳንሶ ሜዳውን ይለጥጣል። ሁለት እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ ካለ እሱ ይሻላል። ማያ ገጹን ተጭናችሁ በመያዝ ብርሃኑን ቆልፉ፤ ካልተቆለፈ እያንዳንዱ ፎቶ ሰማዩን በተለያየ ቀለም ያወጣዋል፣ ሲገጣጠም መስመር ይታያል። እግራችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከግራ ወደ ቀኝ እየዞራችሁ፣ አንዱ ከሌላው በአንድ ሦስተኛ እንዲደራረብ አድርጋችሁ አንሡ።

ስንት ፎቶ ያስፈልጋል? ለህትመት በኢንች 100 ነጥብ ይበቃል፤ ከሜትር ተኩል ርቆ የሚያይ ሰው ከዚያ በላይ አይለይም። ሙሉው 300 ሴ.ሜ 118 ኢንች ገደማ ስለሆነ ወደ 11,800 ነጥብ ስፋት ያስፈልገዋል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ በቁመት ሲያዝ 3,000 ነጥብ ስፋት ይሰጣል፤ ከመደራረቡ በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ፎቶ 2,000 ይጨምራል። ስድስት ፎቶ 13,000 ይሆናል፣ ይበቃል። አንድ ፎቶ ወስዶ መለጠጥ ግን የደበዘዘ ነገር ያመጣል፤ የማተሚያ ቤቱ ባለሙያ ይሆናል ቢላችሁም አይሆንም።

ከጠዋቱ ብርሃን ጋር የሚመጣ አንድ ወጥመድ አለ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ጮቄ ሲነሣ ፀሐይ ከቀኝ ትመታለች፤ ከደጀን ወደ ደቡብ ዓባይ በረሃ ሲነሣ ከግራ። ሁለቱን በአንድ ሥዕል ማጋጠም አይቻልም፤ አንዱን ገልብጦ ማስገባትም ቦታውን የሚያውቅ ሰው በአንድ እይታ የሚይዘው ነገር ነው።

ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የመብራት ምሰሶና የስልክ ማማ መወገድ አለባቸው። ስልክ ላይ ያለው ማጥፊያ ለትንሽ ነገር ይሠራል፤ ሙሉ የባሕር ዛፍ መስመር ላይ ግን ጭቃ ያስመስለዋል። የታችኛውን ክፍል ቆርጦ መጣልና ፊት ለፊቱን በፎም ኮረብታ መሸፈን ይሻላል። ከዚያ ፎቶውን ከምትወዱት በላይ አፍዙት፦ ጥቁሩን አንሡ፣ የብርሃንና የጥላውን ልዩነት በሩብ ያህል ቀንሱ። ህትመት ሁልጊዜ ከማያ ገጹ ይጠቁራል። ሙሉውን ከማሳተም በፊት 20 በ20 ሴ.ሜ ናሙና አስወጥታችሁ ከጠረጴዛው ጋር በመብራት እዩት።

ተራው ባነር ያብረቀርቃል፤ መብራቱ ሰማዩ ላይ እንደ ቅባት ይንጸባረቃል። የማያብረቀርቅ፣ ማት የሚሉትን ጠይቁ። ህትመት በካሬ ሜትር ስለሚከፈል 3 ሜትር በ90 ሴ.ሜ አዝዛችሁ በላዩ የክረምት፣ በታቹ የበጋ ሰማይ አስገቡና መሐሉን ቁረጡ። ተጠቅልሎ ስለሚመጣ እንዳይንከባለል ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ዘርግቶ ከዚያ ሰሌዳው ላይ መለጠፍ ነው።

በእጅ መሣል

የእጅ ሥራው ከህትመቱ ይበልጣል፤ ከተቀቡት ምስሎች ጋር አንድ እጅ ያላቸው ይመስላልና። ለአገሩም አዲስ አይደለም፦ በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ግድግዳ ላይ የሚታየው ሥዕል ብዙው በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። እኛም ያንኑ እንከተላለን።

ለሰሌዳው አንድ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ሙሉው 244 በ122 ሴ.ሜ ስለሆነ ከአንድ የ45 ሴ.ሜ ቁራጭ ላይ 180ውና አንዱ 60 ይወጣሉ፣ ሁለተኛው ክንፍ ከሚቀጥለው ቁራጭ፣ ከቀሪው ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘን እግሮች። እግሮቹ 20 ሴ.ሜ ወደ ኋላ ይውጡ፤ ለመካከለኛው ሦስት፣ ለየክንፉ አንዳንድ። ክንፎቹን በብረት ማጠፊያ አያይዙ።

አቡጀዲውን በየጠርዙ 3 ሴ.ሜ ትርፍ ትታችሁ ቁረጡ። ነጩን የእንጨት ኮላ ሁለት እጅ በአንድ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ሰሌዳውን ቀቡ፣ ጨርቁን ከመሐል ወደ ጠርዝ በእጅ መዳፍ እየገፋችሁ ለጥፉ። ከላዩ ያንኑ ኮላ ድገሙት። ሲደርቅ ጨርቁ ይኮማተራል፤ ትርፉን ወደ ኋላ አጥፋችሁ የምታጣብቁት ለዚህ ነው። የዱቄት ሙጫ አትጠቀሙ፣ አይጥ ይጠራል፣ በክረምት ይሻግታል።

በማግስቱ በሁለት እጅ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ቀቡና በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። የኋላውንም ቀቡ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ አንድ ወገን ብቻ የተቀባ ኮምፔንሳቶ ግን በሳምንቱ እንደ አካፋ ይጎብጣል፣ ከዚያም የሚያቃናው የለም።

ሦስት ጣሳ ቀለም አዘጋጁ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፤ ካለቀ ያንኑ ቀለም ደግሞ ማግኘት አይቻልም። የመጀመሪያው የአድማስ ቀለም ነው፦ 1 ሊትር ነጭ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሰማያዊ ማቅለሚያ፣ ጠብታ ቢጫ። ሁለተኛው የላይ ሰማይ፦ ግማሽ ሊትር ነጭ ከ4 የሻይ ማንኪያ ሰማያዊ ጋር። ሦስተኛው የተራራ ቀለም፦ ሦስት እጅ ሰማያዊ፣ አንድ እጅ ቀይ ቡናማ፣ ግማሽ እጅ አረንጓዴ፤ ነጭ የለበትም። ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠቁር እያንዳንዱን በካርቶን ላይ ሞክራችሁ አድርቁ።

ሰማዩን ከላይ ጀምራችሁ በስፖንጅ ሮለር የላይ ሰማዩን እስከ ሲሶው አውርዱ። ወዲያው ከአድማስ ቀለሙ ጋር እየቀላቀላችሁ ውረዱ፤ ታች ሲደርስ ንጹሕ የአድማስ ቀለም ይሁን። በበጋ ቀለሙ በደቂቃዎች ስለሚይዝ ውሃ በመርጫ እየነፋችሁ እርጥብ አድርጉት። አንድ ሰው በሮለር፣ አንድ ሰው በመርጫ ቢሆን ይቀላል። ከደረቀ በኋላ ማዋሐድ አይሆንም፤ ሽንትር ይወጣል፣ ያኔ ሙሉውን ደግሞ መቀባት ነው።

ተራሮቹ የሚሣሉት ከሩቅ ወደ ቅርብ በአራት ድርብ ነው፤ ምስጢሩም ሁሉም ከአድማስ ቀለሙ መወለዳቸው ነው። የሩቁ ድርብ ስምንት እጅ የአድማስ ቀለም በአንድ እጅ የተራራ ቀለም። ሁለተኛው አምስት በአንድ፣ ሦስተኛው ሦስት በአንድ፣ የቅርቡ እኩል በእኩል ሆኖ ጥቂት አረንጓዴና ቢጫ ይጨመርበታል። የመጀመሪያውን ስትቀቡ ገና የሰማዩ እድፍ ይመስላል፣ ተራራ አይመስልም። እዚያ ላይ ነው ብዙ እጅ ፈርቶ የሚያጠቁረው። አታጥቁሩት። ሌሎቹ ሦስቱ ከፊቱ ሲቆሙ 40 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል።

በየድርቡ መካከል አንድ ሰዓት አድርቁ። እያንዳንዱ ድርብ ከሥሩ በኩል በእርጥብ ስፖንጅና በአድማስ ቀለም ነካ ነካ ይደረግ፤ ሸለቆ ላይ የተኛ የጠዋት ጉም ይሆናል። ዛፍ የሚታየው የቅርቡ ድርብ ላይ ብቻ ነው፦ የስፖንጅ ቁራጭ ጫፍ በጥቁር አረንጓዴ ነክራችሁ አብዛኛውን ካርቶን ላይ አራግፉና በቀሪው ንኩ። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል የጮቄ ምልክት ቢሆንም ከዚህ ርቀት ስለማይታይ ሥዕሉ ላይ አይገባም። ጦርነቱ ራሱ ደጋው ላይ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ በ4 ወይም 5 ሴ.ሜ ቁመት ሠርታችሁ ትከሉት፣ ከጓሳ ሣር ጋር።

መጋጠሚያው

ሥዕሉና ጠረጴዛው የሚገናኙበት መስመር ካልተሸፈነ የቀደመው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ከቴሌቪዥን ወይም ከፍሪጅ ማሸጊያ ነጭ ፎም 8 ሴ.ሜ ስፋትና ከ5 እስከ 9 ሴ.ሜ ቁመት ያላቸው ኮረብታዎች በጥርሳም የዳቦ ቢላዋ ቁረጡ፤ ከኋላ ቀጥ ያሉ፣ ከፊት ተዳፋት። ጫፋቸው የአድማስ መስመሩን አልፎ አልፎ ይሻገረው፤ እኩል ከሆነ አጥር ይመስላል።

ጀሶውን ሁለት እጅ በአንድ እጅ ውሃ አድርጉ፤ ውሃው መጀመሪያ፣ ዱቄቱ በላዩ እየተበተነ። ሌላው ተገላቢጦሽ ከሆነ ይጓጉላል። በትንሽ በትንሹ በጥብጡ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይይዛልና። በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀቡት። በጣሳ የሚነፋ ስፕሬይና የጫማ ማስቲሽ ግን ፎሙን አያስነኩ፤ ፎሙ ይቀልጣል፣ ኮረብታው ዓይናችሁ እያየ ይሟሟል።

ሲደርቅ ለአራተኛው ድርብ በበጠበጣችሁት ቀለም ከኋላ በኩል፣ ለጠረጴዛው በተጠቀማችሁት ቀለም ከፊት በኩል ቀብታችሁ መሐል ላይ አዋሕዷቸው። ሣሩ የተነፋ ሰጋቱራ ነው፤ በቀጭን የተበጠበጠ አረንጓዴ ወይም ገለባማ ቀለም ነክራችሁ ጋዜጣ ላይ አድርቁት። ከሥዕሉ አጠገብ ያለው ሰጋቱራ ከጠረጴዛው ፈዘዝ ይበል።

ሰሌዳውን ከጠረጴዛው 5 ሴ.ሜ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። መብራቱ ከተጫዋቾቹ በኩል ከፍ ብሎ፣ ሥዕሉ ላይ ብርሃን ከመጣበት ጎን ይምጣ። አምፖሉ ከኋላ ወይም ከጎን ዝቅ ካለ የዛፍና የባንዲራ ጥላ ሰማዩ ላይ ይወድቃል። ቢጫ አምፖል የሩቁን ሰማያዊ አመድ ያደርገዋል፤ ነጭ ይሁን።

ክንፎቹን አጥፋችሁ ስታስቀምጡ በመሐላቸው ንጹሕ አቡጀዲ አስገቡበት፤ ፕላስቲክ ቀለም በሙቀት እርስ በርሱ ይጣበቃል። ያለ ሰሌዳ በጨርቅ ብቻ የሠራችሁ ከሆነ ሥዕሉ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቅለል፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ሲዘረጋ ቀለሙ ይሰነጠቃል። በክረምት ወራት ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ አቁሙት፣ በወር አንዴ ገልጣችሁ አናፍሱት።